ከናሚብ አሸዋ እስከ ኦካቫንጎ፦ በደቡባዊ አፍሪካ መኪና ራሳችን ነድተን ሳፋሪ (ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ጠይቁ)

ዋርካ ሥር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ናሚቢያና ቦትስዋና ጉዟችን በሌላ ክር ላይ ጣል ካደረግኩ ወዲህ በውስጥ መስመር ብዙ ጥያቄ መጣ። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ብዘረግፈው ለሁሉም ይጠቅማል። የምንኖረው ጆሃንስበርግ ነው። የተጓዝነው እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ ነን፤ ጣሪያው ላይ ድንኳን ባለው የኪራይ ፒክአፕ።

መስመሩ ይኸው። ከዊንድሁክ ወደ ሶሱስፍሌይ፣ ከዚያ ስዋኮፕሙንድ፣ ከዚያ ኤቶሻ። ቀጥሎ በናሚቢያ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ቀጭን መሬት፣ ድሮ ካፕሪቪ በሚሏት፣ በኩል ወደ ቦትስዋናው ቾቤ ፓርክ። ቪክቶሪያ ፏፏቴ ደርሶ መልስ። በመጨረሻ ማውንና ኦካቫንጎ።

ሰው ሳፋሪ ሲያቅድ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ዝርዝር ይዞ ነው የሚነሳው። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ነብር፣ አውራሪስ፤ አምስቱን አይቶ መመለስ። እኔ ግን በውሃው ጀምሩ እላለሁ። ውሃው በየትኛው ወር የት እንዳለ ካወቃችሁ፣ እንስሳቱ የት እንዳሉ አወቃችሁ ማለት ነው። ይህንን መስመር የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከጉም በቀር ምንም ከሌለው በረሃ ተነስቶ፣ በኩሬ በሚኖር ሜዳ አልፎ፣ ትልልቅ ወንዞች ላይ ይደርሳል።

ወቅቱ ለእኛ ሰው በጣም ይመቻል። እኛ አገር ክረምት ሆኖ ትምህርት ሲዘጋ፣ እዚያ በጋ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሣሩ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ኩሬው እየጠፋ ይሄዳል። እንስሳው በቀረችው ውሃ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ እናንተም በደንብ ታያላችሁ።

ከሶሱስፍሌይ ልጀምር፤ ናሚብ በረሃ ውስጥ ያለ የአሸዋ ተራራ አገር ነው። የናሚብ በረሃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ተያይዞ ነው ያለው። ባሕር አጠገብ ሆኖ እንዴት እንዲህ ደረቀ ትላላችሁ። ምክንያቱ ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው። በላዩ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ዝናብ ለመሆን ወደ ላይ አይወጣም፤ ጉም ሆኖ ይቀራል። ሌሊት ያ ጉም ወደ በረሃው ይገባል። አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ በማለዳ አሸዋው አናት ላይ ወጥታ ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ትቆማለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ውሃ ይቋጥርና እየተንከባለለ አፏ ውስጥ ይገባል። አስጎብኚው ባያሳየን ኖሮ ረግጠናት ነበር የምናልፈው።

ዴድፍሌይን በማለዳ እዩት። ዙሪያውን ቀይ የአሸዋ ተራራ የከበበው ነጭ የሸክላ ሜዳ ነው። ድሮ የወንዝ ውሃ ይደርስበት ነበር። አሸዋው መንገዱን ሲዘጋው ግራሮቹ ደረቁ። ይህ ከሆነ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል፤ ዛፎቹ ግን ዛሬም ቆመዋል። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ አይበሰብሱም፤ ፀሐዩ ብቻ አጥቁሯቸዋል። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትደገፏቸው፣ አትውጡባቸው። ሰው ሲንጠለጠልባቸው አይተን ልባችን አዝኗል።

ከአሸዋው ሥር ሳላ ታገኛላችሁ። አዋሽ ፓርክ ያያችሁት የሳላ ዘመድ ነው፤ ይሄኛው ገዘፍ ያለ፣ ፊቱም ይበልጥ የጠቆረ ነው። ውሃ ሳይጠጣ ብዙ መቆየት ይችላል፤ ከሚበላው ነገር እርጥበት ያገኛል።

ጠቃሚ ነገር፦ ማደሪያችሁ ከፓርኩ መግቢያ ከሴስሪም በር ውስጥ ይሁን። ውስጥ ያደረ ሰው ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ቀድሞ መነሳት ይፈቀድለታል። ውጭ ያደረ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ያ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው። ከበሩ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። የመጨረሻዋ ትንሽ መንገድ ጥልቅ አሸዋ ናት። ፎር ዊል ከሌላችሁ መኪናችሁን አቁማችሁ በማመላለሻው ሂዱ።

ኤቶሻን ማታ እቀጥላለሁ።

---

የሽሮሜዳ ልጅ

እህቴ ተባረኪ። አንቺ እዚያው ስለሆንሽ ይቀልሽ ይሆናል። እኛ ከአዲስ አበባ ለምንነሳ ቪዛው እንዴት ነው? ክትባትስ?

---

ዋርካ ሥር

ወንድሜ፣ መኖሪያዬ ጆሃንስበርግ ቢሆንም ፓስፖርቴ ያው የኛው ነው፤ ቪዛ ጠይቄ ነው የገባሁት። የየአገሩ ቪዛ ለየብቻ ነው፤ ሳትነሳ ጨርሰው። አንድ ነገር ልብ በል። በዚህ መስመር ቦትስዋና ሁለት ጊዜ ነው የምትገባው፤ ቾቤ አጠገብ ካለችው የካሳኔ ከተማ ዚምባብዌና ዛምቢያ ድንበር ላይ ወዳለው ፏፏቴ ወጥተህ ትመለሳለህ። ስለዚህ ስታመለክት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መጠየቅህን አረጋግጥ። ይህን ያልጠየቀ ሰው ፏፏቴው ማዶ ይቀራል።

የቢጫ ወባ ካርድ ግድ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ደቡብ አፍሪካም፣ ናሚቢያም፣ ቦትስዋናም ይጠይቁሃል። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰድ። ቀድሞ የወሰድክ ከሆነ ካርዱን ፈልግ እንጂ አትደገም፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው።

ወባ ደግሞ ሌላ ነው። ናሚብ ላይ ስጋት የለም። ከኤቶሻ ጀምሮ እስከ ቾቤ፣ ፏፏቴውና ኦካቫንጎ ግን አለ። በደረቁ ወቅት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው መከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም አማክሮ መውሰድ ነው የሚሻለው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ካዛ የሚባለውን የጋራ ቪዛ ጠይቁ። በ50 ዶላር ዛምቢያንና ዚምባብዌን ባንድ ላይ ያስገባል። ለሁሉም ፓስፖርት ግን አይሰጥም።

---

ጋሽ ሹፌር

ልጄ፣ ደግ አድርገሽ ጽፈሻል። እኔ ለረጅም ጊዜ ቱሪስት ይዤ ኦሞ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የናሚቢያው ኮረኮንች ብዙ መኪና ይገለብጣል ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው? ጎማስ እንዴት ነበር?

---

ዋርካ ሥር

ጋሼ፣ የሰሙት እውነት ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ያዘናጋል። አስፋልት ይመስልና እግር ነዳጁ ላይ ይከብዳል፤ ጠጠሩ ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ይሸሻል። እኛ ከ80 አላለፍንም። የጎማውን ነፋስ ለጠጠሩ ቀነስ አድርገን፣ አስፋልት ስንደርስ እንደገና እንሞላለን። ስኮርታ ሁለት ነበረን፤ አንዱን ተጠቅመንበታል። ሹል ድንጋይ ጎኑን ቀደደው።

እርስዎ እንደሚያውቁት ማደያ ባገኙ ቁጥር መሙላት ነው። ከሴስሪም ወደ ስዋኮፕሙንድ ሲሄዱ ሶሊቴር የምትባል ማደያ አለች፤ ከእሷ በኋላ እስከ ባሕሩ ድረስ ተስፋ የሚጣልበት የለም። የስልክ ኔትወርክም ይጠፋል። ደግሞ እነሱ የሚነዱት በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ። የመጀመሪያው ቀን አደባባይ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለ ኪራይ፦ ውሉ ጎማና መስታወት እንደሚያካትት አንብባችሁ ፈርሙ። ድንበር ለማለፍም ከአከራዩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በየኬላው ይጠየቃል።

---

ዋርካ ሥር

እሺ፣ ኤቶሻ።

ፓርኩ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ስፋቱ 22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። መሃሉ ላይ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጨው ሜዳ አለ። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ አሁን ጥሩ ዝናብ ሲጥል ብቻ ስስ ውሃ ይተኛበታል። የሜዳው ነጭ አቧራ ሁሉን ይሸፍናል። ዝሆኖቹ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ።

ኤቶሻ ላይ ሰው የሚያጠፋው ጊዜውን ነው። ከኩሬ ኩሬ ይሮጣል። እኛ ያደረግነው የተገላቢጦሹን ነው። አንድ ኩሬ መርጠን ሞተር አጥፍተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ስፕሪንግቦክ የሚሉት ሚዳቋ መጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ ቀረበ። የሜዳ አህያው በሰልፍ ተከተለ። ቀጭኔዋ ለብቻዋ ቆማ ረጅም ጊዜ አሰበች። ለመጠጣት የፊት እግሮቿን በሰፊው መክፈት አለባት፤ በዚያ ሁኔታ አንበሳ ቢመጣ ማምለጫ የላትም። ሦስቴ ጎንበስ ብላ ሦስቴ ቀና አለች። በአራተኛው ጠጣች። ዝሆኖቹ ሲመጡ ግን ማንም አልተከራከረም፤ ሁሉም ቦታ ለቀቀ።

ማታ ደግሞ የኦካኩዌዮ ካምፕ ኩሬ አለ። ካምፑ በአጥር ተከልሏል፤ ከዝቅተኛው የድንጋይ ግንብ ኋላ ወንበር ተደርድሯል፤ ኩሬው በመብራት ይታያል። ማንም አያወራም። ጥቁር አውራሪስ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። እግሩ አይሰማም። ከጨለማው ወጥቶ መብራቱ ውስጥ ሲገባ ነው የምታዩት፤ ከዚያ የሚሰማው ትንፋሹና የሚጠጣው ውሃ ድምፅ ነው። ባለቤቴ እጄን ይዞኝ ነበር፤ ሲለቀኝ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

ጋቢ ያዙ! እየቀለድኩ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በረሃው ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ክፍት መኪና ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ስትወጡ ጃኬት ብቻውን አይበቃም።

---

ነጭ ሳር

እህት ዋርካ፣ ስለ አውራሪሱ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ሥራዬ ከዱር እንስሳት ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁር አውራሪስ እኛም አገር ነበር። ዛሬ የለም። እዚያ ግንብ ሥር ተቀምጦ ማየት ለኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ስሜት አለው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአውራሪስ ፎቶ ስታነሱ የስልካችሁን የቦታ ምልክት አጥፉ። ቦታውን በየማኅበራዊ ሚዲያው አትጻፉ። አዳኞች ይህን ይከታተላሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ 1,215 አውራሪሶች ተገድለዋል። አሁን ቁጥሩ ቀንሷል፤ በ2023 ግን ያው 499 ነበር። ብዙ ቦታ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ቀንዱን በየጊዜው ይቆርጡታል። ቀንዱ እንደ ጥፍር ስለሆነ አያመውም፣ ተመልሶ ያድጋል። ቀንድ የሌለው አውራሪስ ብታዩ አትደንግጡ፤ ቀንዱን ያጣው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው።

ናሚቢያን የማደንቅበት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች በመሬታቸው ላይ ያለውን የዱር እንስሳ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩና ገቢውን እንዲያገኙ ተፈቀደ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከ80 በላይ ናቸው። የመንዝ ጓሳን የምታውቁ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ሣሩን መቼ እንደሚያጭዱ፣ መቼ እንደሚዘጉ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት ሲወስን ነው የኖረው። ጓሳው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚያ ነው።

---

ባለ ካሜራው

ሁሉም ሰው ደረቁን ወቅት ሲያወድስ እሰማለሁ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ነሐሴ ላይ ሁሉ ነገር ቡናማ ነው፣ አቧራ ነው፣ አንድ አንበሳ ላይ ብዙ መኪና ይከማቻል። እኔ የሄድኩት በጥር ነው። ቦትስዋና ውስጥ ያለው የማካዲካዲ የጨው ሜዳ አካባቢ አረንጓዴ ሆኖ፣ የሜዳ አህያ በሺዎች ሲተም፣ ሰማዩ ላይ ደመናው ሲቆለል! ግልገሎች በየቦታው። የወፉ ዓይነት ደግሞ ለብቻው ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት ሁሉ የሚገኙት ያኔ ነው። ሎጁም ዋጋው ይቀንሳል።

---

ዋርካ ሥር

ባለ ካሜራው፣ ስለ ማካዲካዲ ልክ ነህ፤ የሜዳ አህያው ጉዞ የዝናብ ጊዜ ነገር ነው። የንክሳይ ፓን ሜዳም እንዲሁ። ካላሃሪን ማየት ለሚፈልግ ሰው እኔም በጥር ሂድ እላለሁ። ያንተም መነሻ እኮ ውሃው ነው፤ ሣሩ የበቀለበትን ተከትለህ ነው የሄድከው።

ግን በጥር ኤቶሻ ከሄድክ እንስሳው ይበተናል። በየቁጥቋጦው ሥር ውሃ ሲያገኝ ለምን ኩሬ ዳር ይመጣል? ቾቤም ዝሆኖቹ ከወንዙ ርቀው ጫካ ይገባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፣ በተለይ ደግሞ ገንዘቡን አጠራቅሞ አንዴ ለሚሄድ ሰው፣ ደረቁ ወቅት ነው የሚሻለው። በዚህ አቋሜ እጸናለሁ።

---

እናት ዓለም

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የ5 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉኝ። ይህን ሁሉ መንገድ በመኪና አይችሉትም ብዬ ፈራሁ። የወባ መድኃኒትም ለትንሿ መስጠት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

ዋርካ ሥር

እናት ዓለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ መስመር ለ5 ዓመት ልጅ አይሆንም። ብዙ ሎጆችም ከ6 ዓመት በታች ያለን ልጅ በክፍት መኪና አያስወጡም። ጆሃንስበርግ ኑና ፒላንስበርግ ሂዱ። ወባ የለበትም፤ በመኪና ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ከጠፋ እሳተ ገሞራ ውስጥ ያለ ፓርክ ነው፤ አምስቱም እንስሳት አሉ። ማዲክዌም ወባ የለበትም፤ እሱ ግን ዋጋው ከፍ ይላል።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ክሩገር ውሰጃቸው። 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፓርክ ሆኖ በቤት መኪና በአስፋልት ይዞራል። ካምፖቹ ሱቅና የመዋኛ ገንዳ አላቸው። ከስኩኩዛ ወደ ሎወር ሳቢ በወንዙ ዳር የሚወስደውን መንገድ በጠዋት ያዙት፤ ነብር ለማየት ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ክሩገር ግን ወባ አለበት፤ ያኔ ሐኪም አማክሪ።

---

ዋርካ ሥር

ወደ መስመሩ ልመለስ።

ከኤቶሻ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ቀስ በቀስ ዛፍ ይመጣል፣ የጎጆ መንደር ይመጣል፣ ከብት መንገድ ያቋርጣል። ያቺ ቀጭን መሬት ካርታ ላይ ጣት ትመስላለች። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1890 ከእንግሊዞች ጋር ተዋውለው ነው የወሰዷት፤ ዛምቤዚ ወንዝን ይዘው ምሥራቅ አፍሪካ ለመድረስ አስበው። ወንዙ ታች ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ ገደል እንደሚገባ አስቡት። ዛሬ አስፋልቱ ብዋብዋታ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የዝሆን ማቋረጫ ምልክት በየቦታው አለ። በጨለማ አትንዱ። ጥቁር አስፋልት ላይ የቆመ ዝሆን ማታ አይታይም።

ቾቤ። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ያዙ፤ ትንሿን ጀልባ ምረጡ እንጂ ፎቅ ያለውን አትሳፈሩ። ዝሆኖቹ በቤተሰብ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ወንዙ መሃል ሴዱዱ የምትባል ደሴት አለች፤ ቦትስዋናና ናሚቢያ ተካሰውባት የዓለም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ለቦትስዋና ፈረደ። ዝሆኖቹ ወደዚያች ደሴት ዋኝተው ነው የሚሻገሩት። ኩምቢያቸውን ከውሃ በላይ ይዘው፣ ትንንሾቹን መሃል አድርገው። አንዱ ግልገል ኩምቢውን የፊተኛው ጅራት ላይ አሳርፎ ሲሻገር ከጀልባው አሥር ሜትር አይርቅም ነበር። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ማዶ ወጥተው ጭቃውን እስኪለቃለቁ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከካሳኔ ቪክቶሪያ ፏፏቴ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ 1,708 ሜትር፣ ከፍታው 108 ሜትር። ጢስ ዓባይን በክረምትና በበጋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ወቅቱ ወሳኝ ነው። እዚያ ውሃው የሚሞላው በሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ያኔ ከርጭቱ ብዛት ፏፏቴው ራሱ አይታይም። በጥቅምት በዛምቢያ በኩል ዓለቱ ሊቀር ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ መካከለኛ ነው፤ ለዓይንም ለፎቶም ይመቻል። በዚምባብዌ በኩል ፊት ለፊት ይታያል፤ አንዱን ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ እሱን ምረጡ።

---

ደጋ ሰው

ጽሑፉ ደስ ይላል። ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2019 የዝሆን አደን መልሳ ፈቅዳለች። ናሚቢያም በ2024 ከ700 በላይ የዱር እንስሳት እንዲገደሉ ወሰነች፤ 83 ዝሆኖች ጭምር። እኔ ገንዘቤን ዝሆን ለሚገድል አገር ለምን እሰጣለሁ?

---

ነጭ ሳር

ደጋ ሰው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሁለቱን ነገሮች ግን ለያያቸው። የናሚቢያው ውሳኔ የመጣው በኤል ኒኞ ምክንያት በደረሰ ከባድ ድርቅ ጊዜ ነው። ሥጋው ለተራበ ሰው እንዲከፋፈል ነበር። እኛ ድርቅን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ለመፍረድ አልቸኩልም።

የቦትስዋናው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስቱ አገሮች የጋራ ጥበቃ ቀጣና፣ ማለትም በአንጎላ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ፣ ከአውሮፕላን ቆጠራ ተደርጎ ነበር። 228 ሺህ ገደማ ዝሆን ተገኘ፤ ከዚህ ውስጥ ከ130 ሺህ በላይ ቦትስዋና ውስጥ ነው። ከዝሆን ጋር የሚኖረው ገበሬ የዓመት ማሽላውን በአንድ ሌሊት ያጣል። ሰውም ይሞታል። ከተማ ላለን ሰዎች ዝሆን ውበት ነው፤ ለእሱ ግን የሌሊት ጥበቃ ነው።

---

ደጋ ሰው

የገበሬው ችግር ይገባኛል። የአደኑ ገንዘብ ግን በርግጥ ገበሬው እጅ ይደርሳል ወይ? ጥያቄዬ እዚያ ላይ ነው።

---

ነጭ ሳር

እሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ማኅበሩ ጠንካራ በሆነበት ይደርሳል፣ ባልሆነበት መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ተጓዡ የሚያድርበት ቦታ ወሳኝ የሚሆነው። በማኅበረሰቡ ካምፕ ካደርክ ገንዘብህ እዚያው መንደር ይቀራል። ያለ ጥይትም ዝሆኑ ዋጋ ያገኛል።

---

ዋርካ ሥር

ነጭ ሳር ያለው እኛንም ረድቶናል፤ በዛምቤዚ ክልል፣ በዚያችው ቀጭን መሬት፣ ያደርነው የመንደሩ ሰዎች በሚያስተዳድሩት ካምፕ ነበር። ከመስመሩ ሁሉ ንጹሑ መታጠቢያ እዚያ ነው።

አሁን ኦካቫንጎ። ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ወንዙ የሚነሳው ከአንጎላ ደጋ ነው። ወደ ባሕር አይሄድም። እንደኛው አዋሽ መሬት ላይ ነው የሚያልቀው። ዝናቡ አንጎላ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይጥላል። ውሃው ግን ዴልታው ውስጥ ለመሰራጨት ወራት ይፈጅበታል፤ መሬቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዝቅ የሚለው 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎርፉ ማውን አካባቢ የሚደርሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ማለትም ዝናብ ፈጽሞ በሌለበት፣ ዙሪያው ሁሉ በጠማው ጊዜ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ምድሩ ሲሞላ ማየት ነው እንግዲህ። የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲገባ 1,000ኛው ሆኖ ነው የገባው።

ሳይንቲስቶች ዴልታው የተኛበትን ስምጥ ከኛው ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጋር ያያይዙታል፤ የመጨረሻው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው ይላሉ። ከአፋር ተነስቶ እዚያ ድረስ!

ሞኮሮ የሚባለው ቀጭን ታንኳ ላይ ተቀመጥን። ድሮ ከዛፍ ግንድ ይፈለፈል ነበር፤ አሁን ዛፉን ለማትረፍ አብዛኛው ከፋይበርግላስ ነው የሚሠራው። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል። ሞተር የለም። ደንገሉ በሁለቱም በኩል ይታከካችኋል፤ ጣናን የሚያውቅ ሰው ደንገሉን አይቶ ባዳ አይሆንም። ውሃው እስከ ታች አሸዋው ድረስ ጥርት ያለ ነው። አንድ ሸምበቆ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ባለ መስመር እንቁራሪት ተለጥፋ ነበር።

ቀዛፊያችን አንዲት ደሴት ላይ አወረደንና መሃሏን አሳየን። ዳሯ በትልልቅ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ መሃሏ ግን መላጣ፣ ነጭ። ምክንያቱን እንዲህ አስረዳን። ብዙ ደሴት የሚጀምረው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ኩይሳው ላይ ወፍ ፍሬ ይጥላል፣ ዛፍ ይበቅላል። ዛፎቹ ውሃውን ከዳር እየሳቡ ጨውን ከሥር ያስቀሩታል፤ ጨዉ መሃል ላይ ይከማቻል። በዚህ ምክንያት ነው በዙሪያው ያለው ውሃ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀረው። አብዛኛው ውሃ በትነት እያለቀ እንኳ ዴልታው ጨዋማ ሐይቅ ያልሆነው ዛፎቹና ምስጦቹ በሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ።

ሞሬሚ የተባለውን የዴልታውን ክፍል እንዲጠበቅ ያደረጉት የባታዋና ሕዝብ ራሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ አገሪቱ ነጻ ሳትወጣ። አደኑ ምድራቸውን ሲያራቁተው አይተው መሬታቸውን ከለሉ።

ዋጋው፦ በትንሽ አውሮፕላን የሚገባባቸው ሎጆች በከፍተኛው ወቅት ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር የሚያልፉ ብዙ ናቸው። እኛ አልቻልንም። ከማውን የአካባቢው ቀዛፊዎች ማኅበር ጋር የቀን ሞኮሮ ያዝን፤ ሞሬሚ ውስጥ በራሳችን ድንኳን አደርን። ያየነው ውሃ ያው ውሃ ነው። በአውሮፕላን ለምትገቡ ግን ሻንጣችሁ ለስላሳ ቦርሳ ይሁን፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ አይፈቀድም።

---

የሽሮሜዳ ልጅ

በነሐሴ ፍልሰታ አለች። የጾም ነገር እንዴት ይሆናል? ደግሞ እናቴ ቋንጣ ካልያዝክ አትሄድም ትላለች።

---

ዋርካ ሥር

ለጾሙ አትጨነቅ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በየቦታው አለ፤ ቻካላካ የሚባል የሚያቃጥል የአትክልት ወጥ ይጨመርበታል። ባቄላም አይጠፋም። ሱፐርማርኬት ምስርና ሩዝ ገዝተህ ካምፕ ላይ መሥራት ትችላለህ። ሎጅ ካደርክ ቀድመህ ንገራቸው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ስትላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ቋንጣው ግን ይቅር። ለእናታችን በደንብ አስረዳልን። ናሚቢያና ቦትስዋና ውስጥ የከብት በሽታን ለመከላከል የተሠራ ረጅም አጥር አለ። ኬላው ላይ መኪናው ይፈተሻል፤ ሥጋ ከተገኘ ይወሰዳል። በጫማህ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ረግጠህ ነው የምታልፈው፤ ጎማውም ይታጠባል። ሽሮና በሶ ያዝ።

---

ጋሽ ሹፌር

እኔና ሁለት የቀድሞ ባልደረቦቼ በሚመጣው ሐምሌ ልንሞክረው ነው። ያሰብነው ከሴስሪም ጎህ ሲቀድ ተነስተን በዚያው ቀን ኤቶሻ መግባት ነው። ሦስት ሹፌር ስላለን እየተቀያየርን እንነዳለን።

---

ዋርካ ሥር

ጋሼ፣ እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። የመንዳት ችሎታዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ከሴስሪም እስከ ስዋኮፕሙንድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ኮረኮንች። ከዚያ እስከ ኦካኩዌዮ ደግሞ 500 ይጠጋል። የኤቶሻ በር ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል፤ በሐምሌ ደግሞ ቀኑ አጭር ነው። ከዘገያችሁ ውጭ ነው የምታድሩት፤ ስትደርሱም በጨለማ፣ ከርከሮና አጋዘን መንገድ በሚያቋርጥበት ሰዓት ይሆናል። ስዋኮፕሙንድ እደሩ። ጎማውን አስፈትሹ፣ የነዳጅ ጀሪካናችሁን ሙሉ፣ ባሕሩ ዳር ዓሣ ብሉ። በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። የኦካኩዌዮን ካምፕ ደግሞ ከአሁኑ ያዙ፤ ሐምሌና ነሐሴ ቀድሞ ይሞላል።